ሰርካለም ከደረጃው ስትወርድ የሰማሁት

የበደለኝ አቶ ሙላት ነው። ጡረታ ልወጣ ሁለት ዓመት ሲቀረኝ፣ ጥምቀት ባለፈ በሳምንቱ፣ ሦስት የአጣሪ ኮሚቴ ሰዎች ፊት ተቀምጦ «የልጅቷ ጉልበት መታመሙን ወይዘሮ ማንጠግቦሽ አልነገሩኝም» አለ፤ ብሎም ፈረመ። ነግሬዋለሁ። ቢሮው ውስጥ፣ በሩ ክፍት እንደሆነ፣ ቆሜ ነግሬዋለሁ።

ይህን ያስቀደምኩት ከማን ጋር እንደምትነጋገሩ እንድታውቁ ነው። እኔ ቂም የማልይዝ ሰው አይደለሁም። ጎንደር ውስጥ በአንድ የኪነት ቡድን ሠላሳ አንድ ዓመት ተወዛዋዥም አሠልጣኝም ሆኜ ስሠራ ብዙ ቂም ይዣለሁ። አብዛኛውን ረስቼዋለሁ፤ ይህኛውን አልረሳሁም። አሁን ጡረታ ወጥቻለሁ። ባሌትና እስክስታ የሚማሩ ልጆች ቤቴ ድረስ እየመጡ «እትዬ፣ ጉልበቴን ሲያመኝ ምን ላድርግ? እግሬ አልዞር አለኝ፤ ትከሻዬ ቶሎ ይደክማል» ይሉኛል። ለእያንዳንዷ ለየብቻ ከምለፈልፍ ልጻፈው አልኩ። ስጽፈው ደግሞ ሙላትን ዘልዬ ማለፍ አልቻልኩም።

ወደ ቡድኑ የገባሁት ከሠርግ ቤት ነው። የአጎቴ ልጅ ሠርግ ላይ ስጨፍር ያየኝ ሰው ሰኞ ጠዋት ነይ አለኝ፤ ሄድኩ፤ ቀረሁ። ደመወዙ ለጫማ አይበቃም ነበር። ደግነቱ የምንጨፍረው ያለ ጫማ ነው።

በጭነት ማኪና ከከበሮው ጋር ተጭነን ደባርቅም፣ ኮላ ድባም፣ ሳንጃም ሄደናል። ሰውነት ምን እንደሆነ ያስተማረኝ ያ መንገድ ነው። ኮሶዬ ላይ ከማኪናው ወርደን ወዲያው ጨፈርን። ብርዱ አጥንት ይገባል፤ ሰዉ ግን ከቦ እየጠበቀ ነው፤ ማን ይታገሣል! ሁለተኛው ዘፈን ላይ ባቴ እንደ ገመድ ተበጠሰ መሰለኝ፤ ሦስት ሳምንት አነከስኩ። ሳንጃ ላይ ደግሞ ተቃራኒው ሆነ። ሙቀቱ ከመሬት ይነሳል፤ ጓደኛዬ ከጠዋት ጀምሮ ውኃ አልቀመሰችም፤ እንዳልወጣ ብላ ነው፤ መጸዳጃ ቤቱ ሩቅ ነበር። ከበሮው ሳይቆም መድረኩ ላይ ተዘረጋች። ሕዝቡ የጭፈራው አካል መስሎት አጨበጨበ!

ስለዚህ ልጆች፣ ሰውነታችሁ ሳይሞቅ አትዝለሉ። ግንባራችሁ ላብ እስኪያወጣ ተራመዱ፣ እጃችሁን አወዛውዙ፣ ጉልበታችሁን እጠፉ ዘርጉ፤ ረጅሙን መሳሳብ ከልምምድ በኋላ አድርጉት። ውኃ ሳይጠማችሁ ጠጡ። ጾም ከሆነ ለአሠልጣኛችሁ ተናገሩ፤ ያን ቀን ቀለል ያለ ሥራ ይሰጣችሁ። ጾማችሁን ደብቃችሁ ብትዘሉ የምትወድቁት እናንተ ናችሁ።

አሁን ስለ አያ ጥጋቡ ልንገራችሁ። እሱን ሳስብ ዛሬም ከመቀመጫዬ ብድግ ያሰኘኛል።

አያ ጥጋቡ የኮሶዬ ሰው ነው፤ በወጣትነቱ ጨፋሪ ነበር፤ እኔ ስገባ ዋና አሠልጣኛችን ነበር። ልብስ የምንቀይርበት ክፍል ከላይ ነው፤ አዳራሹ ከታች። መካከላቸው ሰባት የድንጋይ ደረጃ አለ። አያ ጥጋቡ ሁልጊዜ ጠዋት ከደረጃው ሥር ይቀመጥና ጋቢውን ተከናንቦ ዓይኑን ይጨፍናል። እኛ አንድ በአንድ እንወርዳለን። አያየንም፤ ይሰማናል።

«ቀኝሽ ከበደ» ይላል።

«ምነው አያ፣ ደህና ነኝ!»

«እግርሽ ደህና አይደለሁም እያለኝ ነው። አንቺን ልመን እሱን?»

በቃ፤ ያቺ ልጅ ያን ቀን አትጨፍርም። «ዛሬ ታጨበጭቢያለሽ» ይላታል፤ ጥግ ተቀምጣ ምት ትይዛለች። አንዴ አንዷ ልታታልለው ፈልጋ እንደ ሌባ በጣቶቿ ወረደች። አያ ጥጋቡ ዓይኑን ሳይገልጥ «አይ! አሁንስ ሁለቱም ታመሙ» አለ። ሆዳችንን ይዘን ሳቅን። እሷ ግን በእርግጥም ቁርጭምጭሚቷ አብጦ ነበር።

ሁለተኛው ልማዱ የኖራው ግድግዳ ነው። ጥቁር ሹራብ አልብሶ ጀርባችንን ኖራ ከተቀባው ግድግዳ ጋር አስጠግቶ ያቆመንና «ምቺ!» ይላል። ትከሻችንን እንመታለን። ሲበቃው ያዞረንና ሹራባችን ላይ የታተመውን ነጭ ያያል። የኔ የቀኙ እንደ ሰሃን፣ የግራው እንደ ሳንቲም ነበር። አንዱ ትከሻዬ ሥራውን ሁሉ ለሌላው ጥሎበት ኖሯል! ሁለቱ እኩል እስኪሆኑ ስምንት ወር ፈጀብኝ። እኩል የሆኑ ቀን አያ ጥጋቡ «ሸጋ ነው» አለ። ሌላ ቃል አልጨመረም። እኔ ግን እስከ ቤቴ ድረስ ሮጥኩ።

ከግድግዳው የተማርኩትን ልንገራችሁ። እስክስታ ከትከሻ አይጀምርም፤ ጀርባችሁ ላይ ካለው ሰፊው አጥንት ይጀምራል። እሱ ሲንሸራተት ትከሻ ይከተለዋል። ትከሻን ብቻ ወደ ጆሮ የምትጎትት ልጅ በሦስተኛው ዘፈን አንገቷ ይደርቃል። አንገት አይወረወርም፤ መጀመሪያ ይረዝማል፣ ከዚያ ይሄዳል። ትንፋሻችሁን አትያዙ። እየጨፈራችሁ ግጥሙን አብራችሁ ማለት ካቃታችሁ ትንፋሽ ይዛችኋል ማለት ነው።

አያ ጥጋቡ ሲያረጅ ቦታውን ለኔ ለቀቀልኝ። በለቀቀ ቀን እዚያው ደረጃው ሥር አስቀመጠኝና «ከእንግዲህ እዚህ የምትቀመጪው አንቺ ነሽ። አደራዬ አንድ ነው፤ የሰማሽውን አልሰማሁም አትበዪ» አለኝ። እሺ አልኩት። ሃያ ዓመት ያህል አደራውን ጠበቅሁ።

ከዚያ ሊያ መጣች!

ሊያ ከአዲስ አበባ ሦስት ወር ባሌት ልታስተምረን የተላከች ወጣት ናት። ቀጭን፣ ጸጉሯን ጠቅልላ ያሰረች፣ ከራሷ የሚተልቅ ቦርሳ የተሸከመች። ልጠላት ተዘጋጅቼ ነበር፤ አልደብቅም። ከሃምሳ ዓመቴ በኋላ ልጅ መጥታ ልታስተምረኝ ነው? ግን የመጀመሪያው ቀን አዳራሹ መካከል ቆመችና ሲሚንቶውን በተረከዟ ሁለቴ መታችው።

«እትዬ ማንጠግቦሽ፣ እዚህ ላይ ይዘላሉ?»

«ዕድሜያችንን ሙሉ» አልኳት።

«ጉልበታችሁ እንዴት ቻለው?»

ማን ቻለው አላት! ወገቤን ያመኛል፤ ጉልበቴ ጠዋት ጠዋት ይንቋቋል። ከእርጅና ነው እያልኩ ነበር። ሊያ አናጢ አስጠራች። አሮጌ የማኪና ጎማ በቁመቱ እየተቆረጠ መሬቱ ላይ ተነጠፈ፤ ጣውላ በላዩ ተመታ። የውኃ ቧንቧ ከግድግዳው ጋር ታሰረ፤ መያዣችን እሱ ሆነ። ጣውላው ላይ መጀመሪያ የወጣሁት እኔ ነኝ። ትንሽ ዘለልኩ። ወለሉ ተቀበለኝ፤ መልሶም አነሳኝ! ጮኽኩ። ሠላሳ ዓመት ከድንጋይ ጋር ስጋጭ ኖሬ፣ ለካ ወለልም ይራዳል!

ቧንቧውን ይዤ ከልጆቹ ጋር ተሰለፍኩ። ፕሊዬ አለች፤ ተረከዝ ከመሬት ሳይነሳ ጉልበትን ቀስ ብሎ ማጠፍ ነው። ይህንንማ አውቀዋለሁ! አያ ጥጋቡ «ሳትታጠፊ አትነሺ፣ ሳትታጠፊ አታርፊ» ሲለን የኖረው ነው። የኮሶዬ ሽማግሌና የአዲስ አበባ ልጅ ሳይተዋወቁ አንድ ነገር ሲሉ መስማት እንዴት እንደሚያስደስት ልነግራችሁ አልችልም። ያን ሰሞን እቤት ሽንኩርት እየከተፍኩ ፕሊዬ እሠራ ነበር።

ባሌት ለምትማሩ ዋናው ነገር ይኸው፤ ሁለቴ አንብቡት። እግር ወደ ውጭ የሚዞረው ከዳሌ ነው። ጣቶቻችሁን ብቻ ወደ ውጭ ገፍታችሁ ጉልበታችሁ ወደ ፊት ከቀረ፣ ጉልበታችሁን እንደ እርጥብ ልብስ እየጨመቃችሁት ነው። ስትታጠፉ ወደ ታች እዩ፤ ጉልበት በእግር ጣቶች አቅጣጫ መሄድ አለበት። ካልሄደ እግራችሁን መልሱ። ዳሌያችሁ የፈቀደውን ያህል ብቻ ክፈቱ፤ የሰው ዳሌ እንደ ሰው ፊት ይለያያል። ከዝላይ ስትወርዱ መጀመሪያ ጣት፣ ከዚያ የእግር መዳፍ፣ ከዚያ ተረከዝ፣ ከዚያ ጉልበት ይታጠፍ። ድምፃችሁ ከተሰማ አወራረዳችሁ ልክ አይደለም።

ሰርካለም ይህን ሁሉ ከኔ ጋር ተማረች። ሰርካለም ከኮላ ድባ የመጣች የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበረች። ስትዘል እኛ ትንፋሽ እንይዛለን። ላይ ስትደርስ ለአንድ አፍታ የምትቀር ትመስላለች፤ ከዚያ ሳትሰማ ትወርዳለች። በሕይወቴ እንደሷ ያለ አላየሁም። ሊያም አላየችም። ልትሄድ ስትል «ከጥምቀት በኋላ እመለሳለሁ፤ አንድ ልጅ ወደ አዲስ አበባ ወስጄ አስተምራለሁ» አለች። አንዷ ማን እንደሆነች ሁላችንም አወቅን። ለብቻዬ ግን «እትዬ፣ ሰርካለም ዳሌዋ ጠባብ ነው፤ አያስቸኩሏት» ብላኝ ሄደች።

አላስቸኮልኳትም። ራሷ ቸኮለች። ሁላችን ስንወጣ እየቀረች እግሯን ግድግዳ ሥር ወትፋ በግድ ወደ ውጭ ታዞር ነበር። አይቻታለሁ። ትጋት መስሎኝ ኮራሁ። ከልምምድ ማግሥት ሥጋ ሲያም ጤና ነው፤ በሁለት ቀን ይተዋል። መገጣጠሚያ ውስጥ የሚወጋ ሕመም ግን ሌላ ነው፤ ያን ቀን ማቆም ነው። ይህን አውቃለሁ፤ ለሰርካለም ግን ደጋግሜ አልነገርኳትም።

ጥምቀት ሲቃረብ ግራ ጉልበቷ በውስጥ በኩል አበጠ። ለእንግዶች የምናሳየው ትርዒት አራት ቀን ቀርቶታል፤ መዝጊያው የሷ ዝላይ ነው። ዘልላ በአንድ ጉልበቷ ትንበረከካለች። ወደ አቶ ሙላት ሄድኩ። የቡድኑ ኃላፊ እሱ ነው። ጨፍሮ አያውቅም፤ ክራቫቱ ግን ሁልጊዜ ቀጥ ያለ ነው።

«የሰርካለም ጉልበት አብጧል። መዝጊያውን እንቀይረው» አልኩት።

«ወይዘሮ ማንጠግቦሽ፣ ፖስተሩ ላይ ያለችው ማን ናት?»

«ሰርካለም።»

«እንግዲያ ወጌሻ ጋ ይውሰዷት። የእናቴን ክንድ በሦስት ቀን ነው ያዳነላት።»

«ካልተሻላትስ?»

«ይሻላታል። ደግሞ በሩን ዘግተውልኝ ይሂዱ።»

በሩን ዘግቼ ወጣሁ። ሰርካለም ኮሪደሩ ላይ ቆማ ነበር። ሁሉንም ሰምታለች።

ወጌሻው ጋ የወሰድኳት እኔ ነኝ። ይህን በሙላት ላይ አላላክክም። ሰውየው መጥፎ ሰው አይደለም፤ የወለቀ ጣት ሲመልስ በዓይኔ አይቻለሁ። ግን ያበጠውን ጉልበት በቅቤ ሲያሸው ልጅቷ ነጠላዬን ነክሳ ጮኸች። እኔም «ቻይው፣ መድኃኒት ነው» አልኳት። ልጆች፣ ትኩስ እብጠት አይታሽም። እግሩን ከፍ አድርጋችሁ አሳርፉት፤ በጨርቅ የተጠቀለለ በረዶ ወይም ቀዝቃዛ ውኃ ያዙበት፤ ሐኪም አሳዩት። ልሽላችሁ የሚላችሁን ሁሉ፣ እኔም ብሆን፣ አትስሙ።

የትርዒቱ ቀን ጠዋት ደረጃው ሥር ተቀምጬ ዓይኔን ጨፈንኩ። ልጆቹ አንድ በአንድ ወረዱ። ሰርካለም መጨረሻ ወረደች። አንድ፣ ሁለት። ሦስተኛው ላይ ግራዋ ከበደ። አራተኛውንና አምስተኛውን ግድግዳውን ተደግፋ ወረደች መሰለኝ። ሰባተኛው ላይ ስትደርስ ዓይኔን ገለጥኩ። ፊቷ በርቷል።

«እትዬ፣ ደህና ነኝ» አለች፤ ሳልጠይቃት።

ዝም አልኩ። ዛሬ ታጨበጭቢያለሽ ማለት ነበረብኝ። ሦስት ቃል እንኳ አይሞላም። የሙላት ፖስተር፣ የሊያ ተስፋ፣ የራሴም ኩራት መጡብኝ፤ ሕዝቡ ያቺን ዝላይ እንዲያይ እኔም ፈለግሁ። ጉልበቷን በጨርቅ ጥብቅ አድርጌ አሰርኩላት።

ዘለለች። እንዴት ያለ ዝላይ ነበር! ሕዝቡ ገና እየጮኸ ነው፣ እሷ ስታርፍ ጉልበቷ ወደ ውስጥ ሄደ። ከከበሮው አጠገብ የነበርን ሰዎች ድምፁን ሰማነው።

ሐኪሙ ፊልሙን እያየ «ቀድሞ የቆሰለ ጅማት ነው፤ ማሸቱ አባሰው፣ ዝላዩ በጠሰው» አለ። ኦፕራሲዮን ተደረገች። በደንብ ትራመዳለች፣ እንደ ድሮው መዝለል ግን ተስፋ አታድርጉ አለን። ሊያ መጣች፤ አልጋዋ ላይ ተቀምጣ አለቀሰች፤ ሌላ ልጅ ይዛ ሄደች።

ኮሚቴው ያኔ ተሰበሰበ። ሙላት የተናገረውን ከላይ ጽፌዋለሁ። ኮሚቴው ሰርካለምንም ጠየቃት፤ አልሰማሁም አለች። እኔን ከአሠልጣኝነት አንስተው የልብስ ክፍል ኃላፊ አደረጉኝ። ከሰባቱ ደረጃ በላይ፣ ከልብስ መቀየሪያው ጎን፣ መስኮት የሌለው ክፍል ነው። ታች ከበሮ ሲመታ እሰማለሁ፤ ደረጃው ሥር የሚቀመጥ ሰው እንደሌለም አውቃለሁ።

በአምስተኛው ወር ሰርካለም በክራንች መጣች። ሰባቱን ደረጃ ለመውጣት ብዙ ቆየች፤ እያንዳንዱን ሰማሁ። በሩ ላይ ቆማ ቀሚስ ሲያጥፍ የነበረውን እጄን አየች።

«እትዬ፣ ያን ቀን ስወርድ ሰምተሽ ነበር?»

ቀሚሱን አስቀመጥኩ። «ሰምቼ ነበር።»

«ግራዬን?»

«ግራሽን። ሦስተኛው ላይ።»

«እኔም እንደሰማሽ አውቄ ነበር። ዝም ስትዪኝ ደስ አለኝ። ብታስቀሪኝ እጠላሽ ነበር።»

«አሁንስ?»

«አሁንም ትንሽ እጠላሻለሁ።» ክራንቿን ግድግዳው ላይ አስደገፈች። «እኔም ግን ከሙላት ጋር ስትነጋገሩ ሰምቼ አልሰማሁም ብያለሁ። ከቡድኑ እንዳያስወጣኝ ፈርቼ ነው።»

«አስወጣሽ?»

«በወሩ።»

ሁለታችንም ሳቅን። ክፉ ሳቅ ነበር፤ ግን ለቀቀን።

ከሐኪም ቤት የሰጧትን እንቅስቃሴ አምጥታ ነበር፤ ብቻዋን ስትሠራው ሰልችቷት ትታዋለች። ከዚያ ቀን ጀምሮ የልብሱ ክፍል ልምምድ ቤት ሆነ! የታጠፉ ቀሚሶች ላይ እያስተኛኋት ቀጥ ያለ እግሯን አሥር አሥር ጊዜ ታነሳለች። ተረከዟን መሬት ላይ ወደ ራሷ ትጎትታለች። የጥራጥሬ ከረጢት ቁርጭምጭሚቷ ላይ አስሬ፣ ሳምንት በሳምንት ትንሽ ትንሽ እየጨመርኩ አሠራታለሁ። ሲያብጥ እናርፋለን። «እትዬ፣ ዛሬስ አንድ ጊዜ ልጨምር?» ስትለኝ «ዝም በይና ተኚ» እላታለሁ። ልጆች፣ ከጉዳት መመለስ ከመዝለል የበለጠ ጥበብ ነው፤ ትዕግሥቱን ያላወቀ ጎበዝ አይባልም።

በዓመቱ ግድም አንድ ጠዋት «ደረጃው ሥር ሄደሽ ተቀመጪ» አለችኝ። አዳራሹ ባዶ ነበር። ወረድኩ፤ ተቀመጥኩ፤ ዓይኔን ጨፈንኩ። አንድ። ሁለት። ሦስት! አራት! ሰባቱንም እኩል ወረደች። ቀኟንና ግራዋን መለየት አቃተኝ። ከበሮ የሌለበት አዳራሽ ውስጥ ሁለት ሰዎች እልል አልን፤ ጽዳት ሠራተኛዋ ምን ተወለደ ብላ መጣች።

ጡረታ የወጣሁ ቀን አቶ ሙላት ንግግር አደረገ። «እናታችን» አለኝ። ጋቢ አለበሰኝ። ጋቢውን ተቀበልኩ፤ ጥሩ ጋቢ ነው።

በቀጣዩ ሰኞ ሁለት ደብዳቤ ጽፌ ለመዝገብ ቤት አስገባሁ። በመጀመሪያው፣ የሰርካለም ጉልበት መታመሙን ለአቶ ሙላት መቼና የት እንደነገርኩት ጻፍኩ፤ ሰርካለም ከሥሩ መስማቷን ጽፋ ፈረመች። በሁለተኛው፣ የትርዒቱ ቀን ጠዋት እግሯን ሰምቼ ዝም ማለቴንና ወጌሻ ጋ የወሰድኳትም እኔ መሆኔን ጻፍኩ። የመዝገብ ቤቷ ልጅ ሁለቱንም አነበበች።

«ይሄኛው እኮ ራስዎን ነው የሚከሰው» አለችኝ።

«አዎ፤ ማኅተም ምቺበት» አልኳት።

መታችበት። ሰርካለም ለትንንሽ ልጆች ክፍል ከፍታለች፤ ጣውላው በጎማ ላይ የተመታ ነው፤ መግቢያው ላይ አራት ደረጃ አለ። ከመዝገብ ቤት ወጥቼ ወደዚያ ሄድኩና ደረጃው ሥር ተቀመጥኩ። ስድስት ልጆች ወረዱ። የአራተኛዋ ቀኝ እግር ከበደ።

«ዛሬ ታጨበጭቢያለሽ» አልኳት።